ለጉባኤ የሚላክ አንድ ገጽ፦ ከዋግ አገር አንጻር የታየ ታሪክ

ከሰቆጣ ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ የሚደርስበት የደሃና ወረዳ፣ ዋና ከተማው አምደወርቅ የሆነው፣ በተራራና በሸለቆ የተከፋፈለ የዋግ ኽምራ አገር ነው። ዋግ በዋግሹሞች አስተዳደር፣ በጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናቱና በአገው ሕዝቡ ቋንቋ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ስለ አገሩ ቋንቋ የታተመውንና በሊቃውንት ፊት የቀረበውን የመረመረ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ይኸውም አብዛኛው በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋና በሌላ ሰው ብዕር የተጻፈ መሆኑ ነው።

የዚህ ምክንያቱ የዕውቀት እጦት አይደለም። ዕውቀት በአንድ ስፍራ መኖሩና ያ ዕውቀት በባለሙያዎች ጉባኤ ፊት መቅረቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ፕሮፖዛል» የሚባለው፣ አንድ ባለሙያ ወይም አንድ ቡድን በጉባኤ ላይ ሊያወያይበት የፈለገውን ጉዳይ አስቀድሞ ለአዘጋጁ ኮሚቴ የሚልክበት አጭር ጽሑፍ። በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ኮምፒዩተርንና የመገናኛ መረብን ይዘው የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ገጽ እንደ ተራ ቅጽ ሊመለከቱት ይችላሉ። ታሪኩ ሲመረመር ግን የማን ሥራ ዕውቀት ተብሎ እንደሚመዘገብ ከሚወሰንባቸው በሮች አንዱ ይኸው ገጽ ሆኖ ይገኛል።

ጉባኤ በአገር ቤት ሥርዓት

ሐሳብን በጉባኤ ፊት አቅርቦ ማስመርመር ለኢትዮጵያ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ ራሱ ጉባኤ ቤት ይባላል። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ለብቻው ሆኖ ይቆጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ዘንድ ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም የተጣመመውን ያቃናል፤ ምሥጢሩ የላላውን ያጠብቃል፤ የማይሆነውን ይጥላል። ጀማሪው የሚቆጥረው የመጀመሪያ ቅኔ ጉባኤ ቃና ሲሆን ይህም ሁለት ቤት ብቻ ነው። በሁለቱ ቤት ውስጥ ሙሉ ሐሳብ መገኘት አለበት፤ በቃል ብዛት ማምለጥ አይቻልም። እየበሰለ የሄደው ተማሪ ደግሞ በተራው አስነጋሪ ሆኖ የታናናሾቹን ቅኔ ይሰማል። ዛሬ የጉባኤ ገምጋሚ የሚባለው ሰው ሥራ ከአስነጋሪው ሥራ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ትናንት የነገረ ዛሬ ያስነግራልና።

ሆኖም በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በቅኔ ቤት ተማሪው ስንቁን ይዞ ተራራውን ወጥቶ ከደረሰ በኋላ በአካል ቀርቦ ይደመጣል። በዘመናዊው ጉባኤ ግን ባለቤቱ ሩቅ ሆኖ ገጹ ብቻውን ይጓዛል፤ ገጹ ካላለፈ ባለቤቱ አይጠራም። ቅኔ የቆጠረ ተማሪ ቢሳሳት እዚያው ታርሞ በማግስቱ እንደገና ይነግራል፤ ፕሮፖዛሉ የተጣለበት ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ በዘመናዊው ሥርዓት ከንግግሩ ይልቅ ከንግግሩ በፊት የተጻፈው አጭር ቃል ኃይለኛ ሆነ።

የዋግ ቋንቋ በሌሎች ብዕር

የዚህ ሥርዓት ውጤት በዋግ ላይ እንዴት እንደታየ ለመረዳት የአገሩን ቋንቋ የጥናት ታሪክ መመልከት ይበቃል። ኽምጣና፣ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ኽምጣንጋ እየተባለ የሚጠራው የአገው ቋንቋ፣ በአውሮፓ የሊቃውንት መድረክ ራሱን ችሎ የቀረበው በኦስትሪያዊው ሊቅ በሊዮ ራይኒሽ አማካይነት ነው። ራይኒሽ ስለዚሁ ቋንቋ የጻፈው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1884 በቪየና ታተመ። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ደግሞ ኢጣልያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በአበርገሌ ስለሚነገረው የኽምጣና ዘዬ ጽሑፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ የቋንቋውን ሰዋስው የሚገልጽ ጥናት በሎንዶን አወጣ።

እነዚህ ሊቃውንት ላደረጉት ድካም ምስጋና ይገባቸዋል፤ ጽሑፋቸው ባይኖር ብዙ ነገር ሳይመዘገብ በቀረ ነበር። ነገር ግን ቃሉን ከአፋቸው ያወጡት ተናጋሪዎች ጽሑፉ የተነበበበት ማኅበር አባላት አልነበሩም፤ ትክክል ነው ወይም አይደለም ብለው በዚያ ሸንጎ ሊከራከሩ አልቻሉም። በጥናቱ ውስጥ ምንጭ ነበሩ፤ በጉባኤው ውስጥ ግን ወንበር አልነበራቸውም።

ወንበሩ በኢትዮጵያውያን መያዝ የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1988 በአፍሪቃ ታሪክ መጽሔት ላይ የአገውን ሕዝብ ምሳሌ አድርጎ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስለ ሕዝቦች መዋሐድ የጻፈው ጥናት ለዚህ አንድ ምስክር ነው። በዚህ ጊዜ ስለ አገው የሚናገረው ሰው የአገሩን ገድላትና ዜና መዋዕል በአገሩ ቋንቋ ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነበር፤ ተደማጭነቱንም ያገኘው ጽሑፉን በዓለም አቀፍ ገምጋሚዎች ፊት አቅርቦ ነው።

ጉባኤው ወደ አገር ሲመጣ

ለዚህ ለውጥ ካገለገሉት መንገዶች አንዱ ጉባኤውን ራሱን ወደ አገር ማምጣት ነበር። ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ መጀመሪያ የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1959 በሮም ነው፤ ሁለተኛው በ1963 በማንቸስተር ተደረገ። ሦስተኛው ግን በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1966) በአዲስ አበባ ተካሄደ፤ አስተናጋጁም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነበር። የጉባኤው ጽሑፎች በሦስት ቅጽ ታትመው ወጡ። ስለ ኢትዮጵያ የሚደረገው ምርመራ በኢትዮጵያ ምድር ሲካሄድ ተማሪው ከአዳራሹ ገብቶ ሊቁን ለመጠየቅ ቻለ፤ መምህሩም የመርከብና የአውሮፕላን ኪሳራ ሳይከፍል ጥናቱን አቀረበ።

የኮምፒዩተር ሙያም በዚሁ መንገድ አለፈ። በሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኮምፒዩተር አጠቃቀም ለመተባበር ኤዱኮም የተባለውን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 አቋቋሙ፤ ይህም በ1998 ከሌላ ተመሳሳይ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ኤዱኮዝ ተባለ። የእነዚህ ማኅበራት ዓመታዊ ጉባኤ የተመሠረተው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠሩ ባለሙያዎች በሥራቸው ያጋጠማቸውን ጽፈው በመላካቸው ላይ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ በአዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪቃ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 ፓዲስ በሚል ምሕጻረ ቃል የታወቀው የአፍሪቃ የመረጃ ሥርዓት ተቋቋመ። በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪቃ የመረጃ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) የኢንተርኔት አገልግሎት በአገሪቱ ተጀመረ። ከዚያ በፊት ለውጭ ጉባኤ የሚላክ ጽሑፍ በአብዛኛው በፖስታ የሚጓዝ ስለነበር የጥሪው ማስታወቂያ ደርሶ መልሱ እስኪሄድ ቀኑ ሊያልፍ ይችል ነበር።

በግንቦት 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ኮምፒዩተርን ለትምህርት ስለማዋል የሚመክረው የመጀመሪያው ኢለርኒንግ አፍሪካ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ይኸው ጉባኤ በየዓመቱ በአፍሪቃ ከተሞች ሲዞር ቆይቶ ለአሥረኛው ስብሰባ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። እንዲህ ባለው ስብሰባ ላይ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር ወይም ከመቀሌ የሚመጣ ባለሙያ ቪዛ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የተጻፈ ሐሳብና የአውቶቡስ መሳፈሪያ ነው።

በዚያው 2007 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰየመ። ከዚያ ወዲህ የሰቆጣ ስም በብዙ ዓለም አቀፍ መድረክ ይነሣል። ነገር ግን ስም መጠራቱና አንደበት ማግኘቱ አንድ አይደሉም። የጤና መዝገቡን በደሃና ቀበሌዎች እየዞረ የሚሞላው ሠራተኛ፣ መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባው ባለሙያ፣ መረቡ ሲቋረጥ ቁጥሩ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ይህን በጽሑፍ ካላቀረቡት ሌላ ሰው በቁጥራቸው ይናገራል፤ ቁጥሩ ግን እንዴት እንደተገኘ አይናገርም።

የፊደሉ ማመልከቻ

አንድ ገጽ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከሚያስረዱት ታሪኮች መካከል የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበት አንዱ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በአገር ውስጥም በውጭም ሆነው ልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞችን ሠርተው ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አሠራር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ችግሩ የተፈታው የዓለምን ጽሕፈቶች ሁሉ በአንድ ሥርዓት የሚያስቀምጠው ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ሲቀበል ነው። ይህም የሆነው በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትም ሲሆን 345 የግዕዝ ምልክቶች ተመዘገቡ።

ዩኒኮድ ፊደልን የሚቀበለው በወሬ አይደለም፤ በጽሑፍ በቀረበ ማመልከቻ ነው። ማመልከቻው ምልክቱ በየትኛው ቋንቋ፣ በምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚሠራበት ማስረጃ ማሳየት አለበት። በመጀመሪያው ምዝገባ ውስጥ ከአማርኛና ከትግርኛ የሚያልፉ፣ ለአገው ቋንቋዎች ድምፅ የሚያገለግሉ እንደ «ጘ» ያሉ ምልክቶች ይገኛሉ። በመጀመሪያው ምዝገባ ያልገቡ የሌሎች ቋንቋዎች ምልክቶች በ2005፣ በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. በወጡት እትሞች ተጨመሩ። አንድ ሕፃን በአምደወርቅ ትምህርት ቤት የአፍ መፍቻ ቋንቋውን በኮምፒዩተር ለመጻፍ ቢሞክር ፊደሉ ከፊቱ የሚመጣለት ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ማስረጃውን አሰናድቶ በጊዜው ስለላከ ነው። ያ ሰው ዝም ቢል ኖሮ ገበታው ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ባሳየ ነበር።

የተዘጋው አዳራሽና ያለፈው ገጽ

ጉባኤን ወደ አገር ማምጣት ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየው ደግሞ የ2012 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፍ በሚደረጉ ታላላቅ ጉባኤዎች ላይ ለመገኘት የተጠሩ ብዙ አፍሪቃውያን ቪዛ ይከለከሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በካናዳ በሞንትሪያል በተደረገው ጉባኤ ጊዜ የደረሰው ክልከላ ብዙ ቅሬታ አስነሣ። በዚያው ወቅት፣ በ2017 ቲምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ የተባሉ በኢትዮጵያ የተወለዱ ሁለት ሳይንቲስቶች ከመሠረቱት መካከል የሆኑበት የጥቁር ባለሙያዎች ማኅበር ይህን ጉዳይ በአደባባይ አነሣው። በዘርፉ ስመ ጥር የሆነው አይ.ሲ.ኤል.አር. የተባለው ጉባኤ የ2020 ስብሰባውን በአዲስ አበባ ለማድረግ ወሰነ። ውሳኔው ለአገሪቱ ባለሙያዎች ታላቅ ደስታ ነበር።

ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ሲደርስ ግን የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን መንገድ ሁሉ ዘጋ። ጉባኤው በአዲስ አበባ አዳራሽ መሆኑ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ። የአዳራሹ ተስፋ ቢጨልምም አንድ ነገር አልጠፋም። የአፍሪቃን ቋንቋዎች በኮምፒዩተር ስለማስተናገድ የሚመክር «አፍሪካ ኤን.ኤል.ፒ.» የተባለ ንዑስ ጉባኤ እንዲደረግ አስቀድሞ በጽሑፍ ተጠይቆ፣ በገምጋሚዎች ታይቶ፣ ተፈቅዶ ነበር። ከአህጉሩ ልዩ ልዩ ማዕዘን የተላኩ ጽሑፎችም ተመርጠው ነበር። ስለዚህ ሚያዝያ 18 ቀን ንዑስ ጉባኤው በኢንተርኔት ተከፈተ፤ ከዚያም ወዲህ በተከታታይ ዓመታት ሲሰበሰብ ኖረ። ዋናው ጉባኤ ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. በኪጋሊ በአካል ተደርጎ የአፍሪቃን ምድር ረገጠ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አዳራሽ በወረርሽኝ፣ በጦርነት ወይም በገንዘብ እጦት ሊዘጋ ይችላል፤ ተጽፎ የተፈቀደ ሐሳብ ግን ሌላ በር ያገኛል።

ሪፖርትና ሐሳብ

በአማራ ክልል ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ሊናገሩት የሚገባ ብዙ ነገር አላቸው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ከባድ ዘረፋና ውድመት ደረሰባቸው፤ ከዋግና ከአካባቢው የሚሄዱ ተማሪዎች የሚማሩባቸውን ክፍሎች እንደገና ማደራጀት ግድ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ። በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። የተዘረፈ ቤተ ሙከራን ከባዶ ማቋቋም፣ ብዙ ተማሪዎችን በአንድ ሰዓት በኮምፒዩተር መፈተን፣ መረብ በሌለበት ጊዜ ትምህርትን ማስቀጠል፣ እነዚህ በሀብታም አገር ያለ የሙያ ጓደኛ ከመጽሐፍ የማያገኛቸው ዕውቀቶች ናቸው። የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር መረብ አባል የሆነበት የምሥራቅና የደቡብ አፍሪቃ ኅብረት፣ ኡቡንቱኔት፣ እንዲህ ያለውን ለመስማት ጉባኤ ይጠራል።

ታዲያ ብዙው ሳይጻፍ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የጽሕፈት ልማድ ይመስላል። በመሥሪያ ቤት ያደገ ሰው አዘውትሮ የሚጽፈው ሪፖርት ነው። ሪፖርት ከበታች ወደ በላይ ይሄዳል፤ የተከናወነውን ይዘረዝራል፤ ያልተሳካውን በመጨረሻ፣ «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚል ርእስ ሥር በሁለት መስመር ያሳልፋል። የጉባኤ ሐሳብ ግን ከጓደኛ ወደ ጓደኛ የሚሄድ ነው፤ የሚጀምረውም ሪፖርቱ ከሚያልቅበት፣ ማለት ከችግሩ ነው። ገምጋሚው የሚፈልገው የተቋሙን ምስጋና አይደለም። ጥያቄው ምን ነበር፣ ምን ተሞከረ፣ የቱ ከሸፈ፣ የቱ ሠራ፣ በስብሰባው የሚገኝ ሰው ወደ ቤቱ ምን ይዞ ይመለሳል፣ የተሰጠው ሰዓት በንግግርና በውይይት መካከል እንዴት ይከፈላል፣ እነዚህን ነው። በሪፖርት ያማረ ሰው በሐሳቡ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ሥራው ስላነሰ ሳይሆን ድካሙንና ስሕተቱን ስለሸሸገ ነው።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤቱ ሥርዓት እንደገና ይታሰባል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው ሲባል ትንሽ ነው ማለት አይደለም፤ የሚባለው ሁሉ አይባልበትም ማለት ነው። ከደሃና የሚነሣ አንድ ባለሙያ ስለ ወረዳው ትምህርት ሁሉ ሊጽፍ ቢነሣ ገጹ አይበቃውም። መረብ በማይደርስበት ትምህርት ቤት የተከማቸ ትምህርት በአንድ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሰጥ ብቻ ቢጽፍ ግን ገጹ ይበቃዋል፤ በኔፓል ወይም በፔሩ ተራራ ያለ ጓደኛውም ሊሰማው ይወዳል። አስነጋሪ የሆኑት አንጋፋ ባለሙያዎች ደግሞ ገጹ ከመላኩ በፊት የታናናሾቻቸውን ጽሑፍ አንብበው ቢያቃኑ የጥንቱ ሥርዓት በአዲሱ ሙያ ውስጥ በቀጠለ ነበር።

ወደ ቪየና

በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ከላይ የተጠቀሰው ጉባኤ በቪየና ተሰበሰበ፤ የአፍሪቃ ቋንቋዎች ንዑስ ጉባኤም አብሮ ተደረገ። ቪየና ከ140 ዓመት በፊት የራይኒሽ የኽምጣና ጥናት የታተመባት ከተማ ናት። በዚያ ዘመን የዋግ ቋንቋ ወደ ቪየና የገባው በራይኒሽ መጽሐፍ ገጾች ላይ ነበር። በ2024 ግን አፍሪቃውያን ባለሙያዎች ስለ ራሳቸው ቋንቋዎች የጻፉትን ይዘው ስለ ሥራቸው የሚናገሩበት መድረክ በዚያችው ከተማ ቆመ።

ኽምጣና ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከትግርኛ ጋር ሲነጻጸር ለኮምፒዩተር የተዘጋጀ ጽሑፉ እጅግ ጥቂት ነው። ፊደሉ ተመዝግቧል፤ ተናጋሪው አለ፤ መድረኩም በየዓመቱ ጥሪውን ያወጣል። የጎደለው በዋግ የተወለደ ወይም በዋግ የሠራ ባለሙያ የመዝጊያው ቀን ሳያልፍ ቁጭ ብሎ የሚጽፈው አንድ ገጽ ነው።